ሦስት ቀን ፀሐይ የመታው መርፌ

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት አለፈው። ያን ቀን የተሰማኝ ፍርሃት ግን እስካሁን አይረሳኝም።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተመደብኩት ከሃና ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ በፋርማሲ ባለሙያነት ነበር። በየካቲት ሙቀት፣ ከጂንካ መድኃኒት የጫነ መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ቆመ። እናቶች ከወለዱ በኋላ ደም እንዳይፈሳቸው የሚወጉት፣ መሞቅ የሌለበት መርፌም በበረዶ ሳጥን አብሮ ተጭኖ ነበር። ሳጥኑን ስከፍተው በረዶው ቀልጦ ውሃው ራሱ ሞቋል።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት እናት ምጥ ይዟት መጣች። ያለፈውን ልጅ ስትወልድ ደም ፈስሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። አዋላጇ ሲስተር አልማዝ መርፌውን ልትወስድ ወደ እኔ መጣች።

"ይሄ አይሆንም" አልኳት።

ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። "ምን ሆነ? ጥርት ያለ ነው። ቀኑም አላለፈም።"

ተማሪ ሳለን መድኃኒት ሆን ብለን ሙቀት ውስጥ እያቆየን ምን ያህል እንደሚቋቋም እንፈትን ነበር። ይሄው መርፌ መልኩ ሳይለወጥ ጉልበቱ ሲያልቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህንኑ ነገርኳት።

"እና በባዶ እጄ ላዋልዳት?" ብላ ተቆጣች።

በመርፌው ምትክ የሚሰጠው እንክብልም ካለቀ ሰንብቷል። ተሳስቼ ቢሆንስ?

ጂንካ ለሚሠራ የክፍል ጓደኛዬ ደወልኩ። በረዶ ባለው የክትባት ሳጥን አዲስ መርፌ ይዞ መናኸሪያ ሮጠ። ወደ እኛ የሚመጣ መኪና አጣ። በመጨረሻ በሞተር ወደ እኛ አካባቢ ሊወጣ የተነሳ አንድ የማር ነጋዴ አገኘ። ሰውየው ጉዳዩን ሲሰማ የጫናቸውን ባዶ ጀሪካኖች አውርዶ በቦታቸው ሳጥኑን አሰረ።

ከሰዓት በኋላ ሕፃኗ ተወለደች። ወዲያው ደሙ ጀመረ። ሲስተር የእናትየውን ሆድ እያሸች ቀና ብላ አየችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የሞተር ድምፅ ስሰማ ወደ ውጭ ሮጥኩ። ሰውየው አቧራ ለብሷል። ጃኬቱን በውሃ ነክሮ ሳጥኑ ላይ ጠቅልሎታል።

"ወንዝ ባገኘሁበት ሁሉ እየቆምኩ ነከርኩት። ንካው፣ ቀዝቃዛ ነው" አለኝ።

ሲስተር እናትየውን አዲሱን መርፌ ወጋቻት። ጥቂት ቆይቶ ደሙ ቀነሰ፣ ከዚያም ቆመ።

ነጋዴው ውጭ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። "ተረፈች?" አለኝ።

"ሁለቱም ደህና ናቸው።"

"ጌታ ይመስገን" አለና ውሃ ጠጥቶ ጀሪካኖቹን ሊያመጣ ወደ ጂንካ ተመለሰ።

ፀሐይ ከመታቸው ብልቃጦች ጥቂቱን ለምርመራ ላክናቸው። ከወራት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ አብዛኞቹ ተዳክመዋል። ሲስተር ወረቀቱን አንብባ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ዛሬ አዲስ ለሚመደቡት ሁሉ በረዶውን ሳታዩ መድኃኒት ተረክባችሁ እንዳትፈርሙ የምትለው እሷ ናት።

ልጅቷ ዘንድሮ ትምህርት ጀምራለች። ሳያት ደስ ይለኛል። የዚያን ሰው ስም ሳልጠይቀው መቅረቴ ግን ይቆጨኛል፤ አሁንም ማር የጫነ ሞተር ባየሁ ቁጥር የነጂውን ፊት አያለሁ።