ባልና ሚስት ቧንቧዎች

ልጅ ሳለሁ የሒሳብ መምህራችን ጋሼ በላቸው «ቀድተሻል» ብለው በሐሰት አንበርክከውኛል። ይህን ስጽፍ ይሉኝታ የለኝም።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ገርጂ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለ የገበሬ መንደር ነበር። ማታ ማታ እናቶቻችን ለመሠረተ ትምህርት ወደ ቀበሌ ሲሄዱ እኛን ጎረቤታችን አባባ ቶሎሳ ዘንድ ይተዉን ነበርና፣ በኩራዝ ብርሃን፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እየለበለበው፣ ፍሙን ከበን ተረት እንሰማለን። የእሳቸው ተረት ግን መጨረሻ የለውም፤ ቋጠሮው ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። እንደ እንቆቅልሽ ወግ «አገር እንስጥዎትና ይንገሩን» ስንላቸው፣ «መሬቱን ሁሉ መንግሥት ወስዶት የምን አገር ነው የምትሰጡኝ? ምክንያት አምጡ!» ይሉናል።

አንድ ማታ፣ ማሳውን ብቻውን በስድስት ቀን የሚያርም ባልና ብቻዋን በሦስት ቀን የምታርም ሚስት አመጡብን። አብረው ቢያርሙስ?

«ዘጠኝ!» አልኩ ፈጥኜ።

«ልትረዳው መጥታ ሥራውን አስረዘመችበት? ይቺንስ ይፍታት!»

ልጆቹ ተንከተከቱ፤ እኔን እልህ ያዘኝ። አውሮፕላን በላያችን እያጓራ ሲያልፍ እንኳ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንከራከር ነበር። በመጨረሻ ገባኝ። እሱ አንድ እጅ ሲያርም እሷ ሁለት እጅ ታርማለች፤ ማሳውን ሦስት ቦታ ከፍለን አንዱን ለእሱ፣ ሁለቱን ለእሷ ብንሰጥ፣ ሁለቱም በሁለት ቀን ይጨርሳሉ።

በዚያው ሰሞን ጋሼ በላቸው ሰሌዳው ላይ ሁለት ቧንቧ ሣሉ። አንዱ በርሜሉን በስድስት ሰዓት ይሞላል፣ ሌላው በሦስት። አብረው ቢከፈቱስ? «ሁለት ሰዓት» አልኩ። እንዴት ሲሉኝ፣ «ቀጭኑ ቧንቧ ባል፣ ወፍራሙ ሚስት ይሁኑና…» ብዬ ስጀምር ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ቀመሩን ገና አላስተማርኩም! ከታላላቆችሽ ቀድተሽ ነው። ሒሳብና ተረት ምን አገናኛቸው?» ብለው ሰሌዳው ሥር አንበረከኩኝ። «ቀድቻለሁ በዪና ተነሺ።»

የወለሉ ጠጠር ጉልበቴን ይበላኛል። አንዲት ቃል ብተነፍስ እነሣ ነበር፤ ግን ከዚያ ወዲያ እዚያ ክፍል ውስጥ ሌባ ነኝ፣ እጄን ባወጣም የሚያምነኝ የለም።

ቀመሩን ዛሬ ብትጠይቁኝ ረስቼዋለሁ። ትምህርቱንም ከስምንተኛ አላሳለፍኩትም፤ የቀረውን በራሴ አንብቤ ነው ያወቅሁት። ምክንያቱን የማይነግረኝን መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ አላምነውም፤ ሰውንም እንዲሁ። ይህ ግትርነት ከፍሙ ዳር የመጣ ይሁን ከጠጠሩ ላይ፣ እንጃ። ብቻ ያን ቀን እንደተንበረከክሁ ቀና ብዬ እንዲህ አልኳቸው፦

«ቀድቻለሁ አልልም፣ ጋሼ። ተንበርክኬም መልሱ ሁለት ነው። ለምን ሁለት እንደሆነ እኔ ልንገርዎት፣ ወይስ እርስዎ ይነግሩኛል?»