ዳትሰኗን ማን ውሃ አጠጣት?

አሸብር ለጠብ ምክንያት ቸግሮት አያውቅም። አትላንታ አጠገብ፣ ሎረንስቪል ውስጥ በሚኖርበት ሰፈር የቀኝ ጎረቤቱን በሣር ማጨጃው፣ የግራውን በውሻው፣ የቤት ባለቤቶቹን ማኅበር ደግሞ በመፈጠሩ ተጣልቷል። የኤርፖርት ሻትል ሲነዳ «እባክህን» ሳይል ሻንጣውን እግሩ ሥር የሚጥልበት ተሳፋሪ ከገጠመው እስከ ተርሚናሉ ድረስ በመስታወት ሲገላምጠው ይሄዳል። ሚስቱ አበዛሽ «ይሄ ሰው ሲወለድ አዋላጇን ሳይሰድብ አልቀረም» ትላለች። ትላለች እንጂ፣ እሱ በሚሰማበት አትልም።

ከዚህ ሁሉ ጠብ የተረፈ አንድ ቦታ ነበረው፤ ጋራዡ። እዚያ ውስጥ የ1972 ዳትሰን ቆማለች። የቤቱ ሁለት ደህና መኪኖች ውጭ ፀሐይ ይጠብሳቸዋል፤ ጸደይ ሲመጣም ቢጫ የጥድ ብናኝ ይለብሳሉ። ከተገዛች ጀምሮ አንድ ጎማ ያልተንከባለለችው አሮጊት ግን አንሶላ ለብሳ ጥላ ውስጥ ትኖራለች።

ከጠቡ የተረፈ አንድ ሰውም ነበር፤ ዘገዬ። ዘገዬ እዚያው አካባቢ፣ ፓይን ሌክ ነው የሚኖረው። ሁለቱ የተዋወቁት በስደት ሳሉ፣ ገዳሪፍ ላይ፣ አንድ ሱዳናዊ ጋራዥ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ሆድ ሥር ተጋድመው ነው። አሜሪካ ገብተው ኑሮ ሲጀምሩ ዘገዬ የአሸብርን ልጅ ቃለአብን ክርስትና አነሳና አበልጅ ሆኑ። ሌላው ሰው ሁሉ የአሸብርን ምላስ ፈርቶ በሩቁ ሰላም ሲለው፣ ዘገዬ ብቻ በየሳምንቱ እየመጣ ይሰደብለት ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ በልተው፣ ነጠላቸውን ሰቅለው ቱታ ይለብሳሉ። «በሰንበት ሥራ?» ብሎ ለሚቆጣ ሰው «ሥራ የሚባለው ደመወዝ ያለው ነው» የሚል መልስ አላቸው። አሸብር በጆሮው ነው የሚሠራው፤ ያንኳኳል፣ ያዳምጣል፣ ይሳደባል። ዘገዬ ደግሞ ይጠርጋል፣ የፈታውን በተርታ ይደረድራል፣ የሞተሩን ክፍት ቦታ ሁሉ በፕላስተር ያሽጋል። «ክፍት ነገር ጠላት አለው» ይላል። አሸብርም «ሞተር ነው ወይስ አራስ?» እያለ ያበሽቀዋል።

ነገሩ የተበላሸው ሞተሩ ተሠርቶ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ነው። የቀረው ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ብቻ ነበር። ዘገዬ ሊያጥበው ፈትቶ ወደ ቤቱ ወሰደውና ካርቡራቶሩ የነበረበትን ቀዳዳ እንደ ልማዱ አሸገው። በዚያው ዕለት «ስትነሳ ብሩክሄቨን ወስደን እናሳያታለን። እሑድ ጠዋት የአሮጌ መኪና ወዳጆች የሚሰበሰቡበት ፓርኪንግ ሎት አለ» አለ። አሸብር ቱግ አለ።

«ማነው የሚያሳያት? የኔን መኪና?»

«እኛ ነና።»

«እኛ ብሎ ነገር የለም! የባለቤትነት ታይትሉ ላይ ያለው የኔ ስም ነው።»

ዘገዬ ትዕግሥተኛ ነው፤ ቢሆንም ሰው ነው። ጨርቁን ወርውሮ «እንግዲያው ስማ፣ አንተ ጋ ሆና ይቺ መኪና መቼም አትነሳም!» ብሎት ሄደ።

በሳምንቱ የጽዋ ማኅበሩ ተራ አሸብር ቤት ደረሰ። በልተው ጠጥተው ሲያበቁ አሸብር እንግዶቹን ወደ ጋራዡ ወሰዳቸው። ኮፈኑን ከፈተ፣ የዘገዬን ፕላስተር ልጦ ጣለ፣ የሞተሩን ውስጥ አሳያቸው። ሙገሳው ከጠላው በላይ አሰከረው። ቀሲስ ፀጋአብም ቤቱን በጠበል ሲረጩ ጋራዡን አልዘለሉም። በማግስቱ አሸብር ቀዳዳውን በአዲስ ፕላስተር አሽጎ ወደ ሥራው ሄደ። ዐቢይ ጾም ገባ፤ ሁለቱ አበልጆች ጾሙን ተኳርፈው ጾሙት።

በፋሲካ ተሳሳሙ። ዘገዬም የኩርፊያው ማካካሻ ይሁንልኝ ብሎ፣ አሸብር ሥራ ላይ ሳለ መጥቶ፣ የጋራዡን ኮድ ያውቅ ነበርና ከፍቶ ገብቶ፣ ካርቡራቶሩን ገጠመው። እሑድ ዕለት ተገናኝተው አሸብር ቁልፉን ቢያዞር ሞተሩ ቀጭ አላለም። ደግሞ ሞከረ። ውስጡ ተጣብቆ ነክሷል። ዘገዬ እጁን ለመታጠብ ወደ ቤት ሲገባ አሸብር ሞተሩን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈታ፤ ከሁለት ቀዳዳዎች የዛገ ውሃ ወጣ።

«ውሃ!» አለ አሸብር፣ ዘገዬ ሲመለስ። «ሞተሬ ውስጥ ውሃ! እዚህ ቤት ኮድ ያለው ማነው? ካርቡራቶሩን የገጠመው ማነው? መቼም አትነሳም ብሎ የማለው ማነው?»

ዘገዬ ውሃውን አየ፤ ከዚያ አሸብርን አየ። «እኔ አይደለሁም» አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም። አሸብር ደግሞ ሰው የሚከራከረው ንጹሕ ሲሆን ነው ብሎ የሚያምን ፍጡር ነውና ዝምታውን ፊርማ አድርጎ ወሰደው። በዚያው ምሽት ኮዱን ለወጠ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። በተከታዩ ሳምንት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ አሸብር «ይህ ሰው ምቀኛ ነው፤ የሰው ሞተር ውስጥ ውሃ የሚጨምር ሰው ነው!» ብሎ በጣቱ አሳየው። ንግግሩ ካፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና ደገመው።

በአትላንታ አካባቢ አሮጌ መኪና የሚወዱ የእኛ ሰዎች ጥቂት ናቸው። ሞተር የሚያነሱበት አንድ ክሬን አላቸው፤ ከጋራዥ ጋራዥ እየዞረ ያገለግላቸዋል፤ ክሬኑ ሲመጣ ሰውም አብሮ ይመጣል፣ ያግዛል፣ ያወራል። ከዚያ ቀን ወዲያ ክሬኑ ፓይን ሌክ ደርሶ አያውቅም። ማንም ዘገዬን ፊት ለፊት የተናገረው የለም። አንዱ «ሚስቴ ታማለች» አለው፣ ሌላው ስልክ ማንሳት ተወ። የሰው ሞተር ውስጥ ውሃ ጨመረ ሲባል፣ እጁ ሲደነቅ የነበረ ሰው በየጋራዡ የማይፈለግ ሆነ።

የማኅበሩ ሽማግሌ አቶ ገብረእግዚአብሔር ሁለት ሰው አስከትለው ሊያስታርቁ መጡ። «አሸብር፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አሉት።

«እርስዎ ያንን ውሃ አላዩትም፣ ጋሼ» አለ አሸብር። «እርቅ የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ አደረግሁ ይበል።»

ዘገዬ ግን አላደረግሁም እንዳለ ቀረ። ሁለት ዓመት አለፈ። አሸብር ሞተሩን ብቻውን አወጣው፣ ብቻውን ፈታው። እውነቱን ለመናገር ሥራው መረረው። ካቻቢቴ ሲፈልግ የሚያቀብለው፣ ሲሳሳት የሚሰድበው ሰው የለም። ዘገዬ ናፈቀው። መናፈቁም አናደደው። ሲናደድ ደግሞ «ያ ምቀኛ» ብሎ ብሎኑን እያጠበቀ ሦስት ብሎን ሰበረ።

ሁለቱ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በመከር፣ ዳትሰኗ ተነሳች። ተንደቀደቀች፣ ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ጸጥ ብላ መሥራት ጀመረች። አሸብር ዞር ብሎ የሚያቅፈው ሰው ፈለገ። የግራ ጎረቤቱ ውሻ ብቻ ነበር የሚጮኸው።

ያን ወር የማኅበሩ ተራ እንደገና እሱ ቤት ደርሶ ነበር። ቀሲስ ፀጋአብ መጡ፣ አቶ ገብረእግዚአብሔር መጡ፣ ማኅበርተኛው በሙሉ ጋራዡ ውስጥ ቆሞ የሞተሩን ድምፅ ሰማ። ቄሱ ረጭተው ሲጨርሱ አበዛሽ የተረፈውን ጠበል በጆግ ይዛ መጣች።

«አሸብር፣ ክፈትልኝ እስቲ። እንደ ያኔው ትንሽ ላጠጣት» አለች።

«እንደ መቼው?»

«እንደ በፊቱ ማኅበር ጊዜ ነዋ። እንግዶቹ ሊሄዱ ሲሉ እናንተ ጫማቸውን ስትፈልጉ እኔ እዚህ ነበርኩ። የተረፈ ጠበል እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ያ የከፈትከው ቀዳዳ ደግሞ ንጹሕ ነበር፤ እንደ ብርሌ ተወልውሏል። እዚያ አፈሰስኩላት።»

አሸብር ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ እንደ ልማዱ ጮኸ።

«አንቺ ነሽ? ሞተሬን የገደልሽው አንቺ ነሽ? ሁለት ዓመት ውሃ ጨመረብኝ እያልኩ ስጮህ ጆሮሽ የት ነበር?»

«ውሃ አልጨመርኩም!» አለች አበዛሽ፤ ከልቧ ነው። «አንተ ውሃ ስትል እኔ የቧንቧ ውሃ ነው የመሰለኝ። ይሄ ጠበል ነው። ጠበል በሽተኛ ያድናል እንጂ ብረት ያበላሻል?»

«ደንቆሮ! ቤቴን አፈረስሽው! ከወንድሜ አጣላሽኝ!»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነው። አበዛሽ ጆጉን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወደ ቤት ገብታ በሩን በቀስታ ዘጋች። ከዚያ ቀን በኋላ ምግቡን ታቀርባለች እንጂ ቃል አታወጣም።

አቶ ገብረእግዚአብሔር ወደ አሸብር ዞሩ። «ፕላስተሩን የላጠው ማነው? ያላጣራው ማነው? ግቢ ውስጥ የጮኸውስ? ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አሉ። አገር ቤት ቢሆን ድንጋይ ተሸክመህ ነበር ዘገዬ ደጅ የምትወድቀው።»

«ድንጋይ ከየት ላምጣ? ሆም ዲፖ በከረጢት ነው የሚሸጠው!» አለ አሸብር። ማንም አልሳቀም።

በሚቀጥለው እሑድ ዳትሰኗን ራሷን ነድቶ ወደ ፓይን ሌክ ሄደ። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ሲደረድር ነበር። ዘገዬ መኪናዋ ተነስታ ሲያያት ይስቃል፣ «ቫልቩ ያንኳኳል» ይላል፣ ኮፈኑን ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው ብሎ አሰበ። ይህን ሰው ካጣ ሌላ የቀረው ወዳጅ እንደሌለው ያውቃል።

የዘገዬ ጋራዥ ክፍት ነበር። ሰውየው ሞተሯ ያልወጣላት አሮጌ ቶዮታ ላይ አጎንብሶ ብቻውን ይሠራል። ጸጉሩ ሸብቷል። የዳትሰኗን ድምፅ ሰምቶ ቀና አለ፤ አየ፤ አልሳቀም። አሸብር ወርዶ በሩ አፍ ላይ ቆመ።

«አንተ አይደለህም» አለ። ሌላው ሁሉ ጠፋበት። «ውሃውን አንተ አልጨመርክም።»

«አውቃለሁ» አለ ዘገዬ።

«አበዛሽ ናት። ጠበል ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ዘገዬ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

«ያን ቀን እጄን ልታጠብ ስገባ ራሷ ነገረችኝ። ደስ ብሏት ነበር። ‹ጠበል አጠጥቻታለሁ፣ አይዟችሁ ትነሳለች› አለችኝ። ስመለስ አንተ ትጮኻለህ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ምነው በዚያን ጊዜ አንድ ቃል ብትናገር?»

«ለማን ነው የምናገረው? ደም ሥርህ ተገትሮ፣ የካንዴላ መፍቻ ጨብጠህ፣ የሚሰደብ ሰው ስትፈልግ?» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እኔ ላይ ስትጮህ እኔ መኪናዬን አስነስቼ ቤቴ እገባለሁ። እሷ የት ትገባለች? ልጅህን ክርስትና ያነሳሁ ሰው ነኝ፤ እናቱን አሳልፌ ልስጥህ?»

አሸብር ይቅርታ ሊል ፈለገ። ቃሉ አፉ ውስጥ ልማድ የለውምና አልወጣ አለ። ጉልበቱን ለማጠፍ ሞከረ፤ ዘገዬ በእጁ ከለከለው።

«ተው። እግዜር ይቅር ይበልህ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ስትነግርህ ምን አልካት?»

አሸብር መሬት መሬት አየ።

«አሸብር፣ ምን አልካት?»

«ጮህኩ» አለ። «ማኅበርተኛው ፊት።»

ዘገዬ ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ስሜን ሁለት ዓመት ያስጠፋሁት ይሄ እንዳይደርስባት ነበር» አለ። «ለከንቱ ሆነ።»

ወደ ግድግዳው ሄዶ የበሩን መዝጊያ ቁልፍ ተጫነ። በሩ እየተንገጫገጨ መውረድ ጀመረ። አሸብር ከውጭ መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ ቱታውን፣ በመጨረሻ ጫማውን ብቻ አየ፤ በሩ ሲሚንቶውን እስኪነካ ድረስ ጫማው ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።