ከፍል ውሃ የተረፈችው ቁልቋል

ፊደል ያስቆጠረችኝ በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ አምቦ የመጣች አስተማሪ ናት፤ ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ ነበር። ስትዛወር አንድ ጣሳ ሰጠችኝ። ውስጡ ቡጢ የምታህል ድቡልቡል ቁልቋል፣ ዙሪያዋን እሾህ ብቻ። «ፀሐይ ትወዳለች፤ ውሃ አታብዛባት» አለችኝ። መስኮቱ ላይ አስቀመጥኳት።

በእኛ አገር ግን ቁልቋል ወይ አጥር ላይ ነው፣ ወይ መቃብር ላይ። ቤት አይገባም። በዚያው ሰሞን ከጋሪዬ ወድቄ እግሬ ተሰበረ። ባለቤቴ «ይቺ ናት የጣለችህ፤ አውጣልኝ» ትላለች። ጎረቤቴ ሽማግሌው ደግሞ ደጄ ላይ ቆሞ፣

«ያ ኦቦ፣ ለሙት የሚተከለውን አዳሚ፣ ቁልቋሉን፣ አንተ በቁምህ ተከልከው? ምን አስቸኮለህ?»

«ለአንተ ነው ያዘጋጀሁት» አልኩት።

እሱ ሳቀ። ባለቤቴ አለቀሰች። እኔን እልህ ያዘኝ። «ይቺ ቁልቋል ከሞተች እናንተ ልክ ናችሁ። ከኖረች ግን ዳግመኛ መቃብር እንዳታነሱብኝ!»

ከዚያ ስህተቱን የሠራሁት ራሴ ነኝ። እግሬን ፍል ውሃ ስነክረው ሲሻለኝ ጊዜ፣ ለእኔ የበጀ ለቁልቋሏም ይበጃል ብዬ ያንኑ ውሃ በጄሪካን እያስመጣሁ አጠጣኋት። በየቀኑ! አምቦ ያደገ ሰው ሌላ መድኃኒት መች ያውቃል። አፈሩ ነጭ ጨው አወጣ፤ እሷም ከሥሯ ቡናማ ሆና ለሰለሰች። ጎረቤቴ በዱላው ነካ አደረጋትና «በቃ፣ ልቅሶ እንቀመጥ?» አለ።

«ገና ነው» አልኩ።

በምርኩዝ ተነሣሁ። የበሰበሰውን በቢላ ቆርጬ ጣልኩ፣ ጥላ ላይ ዘቅዝቄ ሁለት ሳምንት አደረቅኋት። ሥር የላት፣ ምን የላት። ጣሳውን ከታች በምስማር በሳሁ፣ ከሁሉቃ ወንዝ እያነከስኩ አሸዋ አምጥቼ ተከልኳት። ውሃ ጠብ አላደረግሁባትም። ስንቴ እጄ ሊሰጣት ተነሥቶ መለስኩት!

ክረምት ሊገባ ሲል ነቅነቅ ባደርጋት እምቢ አለች። አሸዋውን ይዛለች። ምርኩዜን ወርውሬ፣ ጣሳዋን በሁለት እጄ ታቅፌ ጎረቤቴ ደጅ ሄድኩ።

ዙሪያዋን አይቶ አይቶ፣ «እሺ፣ መቃብር አላነሣም» አለ። «ግን መስኮቱ ላይ አትመልሳት፤ መንገደኛው ሁሉ ያያታል።»

«እንዲያያት ነው» ብዬው ተመለስኩ።

ባለቤቴ ቀድማኝ መስኮቱን ከፍታ የቁልቋሏን ቦታ እየወለወለች ነበር።