የእሁድ ጠዋቱ መስመር

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ያን እሁድ ጠዋት ከወንድሜ ጋር ከአብነት ወደ ልደታ በእግራችን ሄድን። የመጨረሻው እንደሆነ ማንም አልነገረንም። እንደሌላው እሁድ ነበር።

እሱ ኮሌጅ ጨርሶ የሥራ ምደባ እየጠበቀ ነበር፤ እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል። ልደታ አጠገብ ባለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ያለ ደመወዝ ኮምፒውተር ያስተምራል። ማሠልጠኛው ግን ኮምፒውተር አልነበረውም። የነበረው አንድ ስክሪን፣ አንድ ኪቦርድና ስልክ ነው። ዋናው ማሽን፣ ኮምፒውተሩ፣ ያለው ዩኒቨርሲቲው ካምፓስ ነው። በሥራ ቀን የካምፓሱ ተማሪዎች ይሻሙበታል፤ እሁድ ጠዋት የሚነካው የለም። የማሠልጠኛው ዳይሬክተር እዚያ ያለ ወዳጃቸውን ለምነው፣ በዚያ ሰዓት በስልክ መስመር እንድንጠቀምበት በቃል አስፈቀዱ።

ወንድሜ ይደውላል። ፉጨት ሲሰማ የስልኩን እጀታ፣ ድምፁን ተቀብሎ ለስክሪኑ በሚያስተላልፍ ሁለት የጎማ አፍ ባለው ሳጥን ላይ ያስተኛዋል። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ፊደል ይመጣል። ሠልጣኞቹ ያጨበጭባሉ። በየሳምንቱ ያጨበጭባሉ።

ችግሩ፣ የቀበሌ ስብሰባም እሁድ ጠዋት ነው።

እናቴ ስለ ወንድሜ ትጨነቅ ነበር። «ሂድና እንደ ሰው ተቀመጥ። ከፈለግህም ተኛ፤ ሁሉም እዚያ ነው የሚተኛው።»

«እማዬ፣ እዚያ የሚያንቀላፋ ሞልቷል። እኔ የተኛውን ማሽን ልቀስቅስ።»

ሳትወድ ሳቀች።

ያን ዕለት የማሠልጠኛው ዘበኛ ቢሮ ውስጥ ያለውን፣ በዚያው መስመር የሚሠራውን ሌላኛውን ስልክ አንስተው «ሃሎ! ማነው የሚያፏጨው?» ብለው ጮኹ። መስመሩ ተቋረጠ። ወንድሜ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ እንደገና ደወለ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስንደርስ ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች በር ላይ ቆመዋል።

«እሁድ እሁድ የት ነው የምትጠፋው፣ ምሁሩ?»

«ሥራ ላይ።»

«የመንግሥት ሥራ?»

«አይ… ካምፓስ ካለ ማሽን ጋር። በስልክ።»

ተያይተው ሳቁ። «በል ማሽንህን ጥራው፣ ያስጥልህ።»

ለውትድርና የሚታፈሰው ሥራ የሌለው ነበር። ደመወዝ ስለሌለው ሥራ የለውም ተባለ። ስብሰባ ስለማይሄድ የሚከራከርለት አልነበረም። ወሰዱት። ከጦር ሜዳ አልተመለሰም። ዛሬም ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

በተያዘ በማግሥቱ፣ የታፈሱትን የሚወስደው የጭነት መኪና ሳይመጣ፣ እናቴ «ዳይሬክተሩ አንድ ቃል ቢናገሩለት ይለቁታል» አለችኝ። ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ቀበሌ ድረስ ይምጡልኝ። ሥራ ላይ እንደነበረ ይንገሩልኝ።»

ዳይሬክተሩ ተነሥተው የቢሮውን በር ዘጉ። «ልጄ፣ ምን ብዬ ልናገር? የካምፓሱን ማሽን ማን ፈቀደላችሁ ቢሉኝስ? እኔም ወዳጄም እንጠየቃለን።»

«ይወስዱታል እኮ!»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

ያንን የእሁድ ሰዓት ለምነው ያስፈቀዱት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። እግዚአብሔር ይህንንም ያውቃል።

ወንድሜ ቀበሌው ግቢ፣ አጥሩ ሥር፣ ከሌሎች ልጆች ጋር ተቀምጦ ነበር። እናቴ የቋጠረችለትን ዳቦ ሰጠሁት።

«ዳይሬክተሩ ይመጣሉ?»

«አይመጡም።»

ዳቦውን ቆርሶ አጠገቡ ላለው ሰጠ። «ታዲያ ሠልጣኞቹን ማን ያስተምራቸዋል?» አለኝ።

ጥበቃው መጣ። «በቃ ሂድ። ትምህርት የለህም እንዴ?»

ነበረኝ። ሄጄ ክፍል ገባሁ።