ያለ ማሽኔ የተኛሁበት ክፍል

የታሰርኩበት ክፍል ንጹሕ ነበር። ይህን የምለው ለማንም ለማዳላት ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ላይ ቀንና ሌሊት የማይጠፋ መብራት። ፍራሾቹ እንዳይጠጋጉ ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ተለጥፏል፤ የኮሮና ዘመን ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ ከበሩ በላይ ያለውን ኤሲ አዳመጥኩ። የማራገቢያው ኩሽኔታ ተበልቷል። አቡ ዳቢ፣ አል ኻሊዲያ ካሉት ፎቆች ውስጥ የእኔ እጅ ያልነካው ኤሲ ካለ ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እጄን አቃጥዬ ያወቅኩት ነው። ዐረብኛውንም እንደዚያው። ስለዚህ ሲመረምሩኝ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም፤ ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ።

የያዙኝ አል ዐይን፣ አል ሙዋይጂ ካለው ቤቴ ነው። ምክንያቱ ድምፄ ነበር። አቡ ዳቢ፣ አል ዛሂያ ውስጥ አንድ ሰው ቤት ተሰብስበን አገር ቤት ስለታሰሩ ሰዎች ተነጋግረን ነበር። መሰብሰብ በበሽታው ምክንያት ተከልክሏል፤ ፖለቲካ ደግሞ ድሮም አይፈቀድም። ከመካከላችን አንዱ ንግግሩን በስልኩ ቀድቶ ለዘመዱ ላከው፤ ዘመዱ ለጓደኛው፣ ጓደኛው ለሁሉም። ከሁሉ ረጅሙን ንግግር ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጥሩ ንግግር ነበር። የእኔን ድምፅ የማያውቅ ሐበሻ ደግሞ በሁለቱም ከተማ የለም።

ፖሊሶቹ "መድኃኒትህን ያዝ" ሲሉኝ የደም ግፊት ክኒኔን ያዝኩ። ባለቤቴ ማሽኔን በቦርሳው አንጠልጥላ እስከ መኪናው ድረስ ተከተለችን።

"የሚሰካ ነገር አይገባም። ኸላስ፣ ያ ሸይባ፣ ግባ" አለኝ ወጣቱ ፖሊስ። ኸላስ በቃ ማለት ነው፤ ሸይባ ደግሞ ሽማግሌ፤ በክብር ነው የሚሉት።

ማሽኑ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ስተኛ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ትንፋሼ ይቋረጥና ልቤ ደንግጦ ይቀሰቅሰኛል፤ እኔ ግን መንቃቴን አላውቀውም። ለብዙ ዘመን ማንኮራፋቴን የጤና ምልክት አድርጌ እኮራበት ነበር። ግፊቴ በክኒን አልወርድ ሲል አንዲት ሐኪም እንቅልፌን መረመረችኝ። "ትንፋሽህ በተቋረጠ ቁጥር ደም ግፊትህ ይወጣል፤ ክኒኑ ብቻውን አይችለውም" አለችኝ። ወዲያው ገባኝ። መስመሩ የተዘጋበት የኤሲ ኮምፕረሰር ምን እንደሚሆን ለእኔ አይነገርም። ማሽኑ በአፍንጫ ጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮዬ እንዳይዘጋ ያደርጋል። እሱን ከጀመርኩ ወዲህ ግፊቴ ተስተካክሎ፣ ስነቃ የሚፈልጠኝ ራስ ምታትም ለቆኝ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ያገር ልጆች ቀድመውኛል። አንዱ የወሎ ልጅ፣ የታክሲ ሾፌር ነው፤ ያንን የተቀዳ ንግግር ለሰው አስተላልፈሃል ተብሎ የገባ። ሌላው ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል የሚሠራ ጴንጤ፤ ቤቱ ሰው ሰብስቦ ሲጸልይ የተያዘ። ሾፌሩ "ፓስተር" ይለዋል፤ ፓስተር ግን አይደለም።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ሁለት እጆች ግንባሬ ላይ አርፈዋል።

"በኢየሱስ ስም! ልቀቀው! ውጣ!"

"ማን ነው የሚወጣው?" አልኩ።

"ዱካክ ነው ጋሼ! ደረትዎ ላይ ተቀምጦ አንቆዎት ነበር። ትንፋሽዎ ቀጥ ብሎ ነበር እኮ!"

ሾፌሩ በሩ ላይ ተለጥፎ አፉን በክንዱ ሸፍኗል። "እኔ ደግሞ ኮሮና መስሎኝ ዘበኛውን ልጣራ ስል ነው የነቁት" አለ።

ኮሮናም ዱካክም አለመሆኑን ቁጭ አድርጌ አስረዳኋቸው። ሾፌሩ ወደ ጴንጤው ዞረ። "አንተ፣ ክሊኒክ እየሠራህ ይህን አታውቅም?"

"እኔ ካርድ ነው የማወጣው።"

"ታዲያ ጋኔን ከማውጣትህ በፊት ካርድ አታወጣላቸውም ነበር?"

ሳቅን። የሳቅነው ግን ለዚያን ቀን ብቻ ነው። ቀናት ሲያልፉ ራስ ምታቱ ተመለሰ። ስነሳ ጆሮዬ ይጮኻል፤ ዓይኔ ፊት ብልጭ የሚል ነገር ይታየኛል። ሙቀት ልትለካን የምትመጣ ፊሊፒናዊት ነርስ ግፊቴን ስትለካ መሣሪያውን ደግማ ነፋችው፤ ስለ እንቅልፌና ስለ ማሽኑ ነገርኳት።

"ማሽንህ የት ነው?"

"ቤቴ።"

ሄዳ ጠየቀችልኝ። ማሽኑ የሚገፋው አየር ከትንፋሼ ጋር ተመልሶ ስለሚወጣ ቫይረስ ካለብኝ በክፍሉ ይበትነዋል፤ ለብቻዬ ክፍል ካላገኘሁ አይሆንም ተባለች። ያንን የሚፈቅደው ደግሞ መርማሪው ነው። "እንዲህ ከቀጠለ ጭንቅላትህ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል" አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

መርማሪው ጨዋ ሰው ነበር። ሻይ አዘዘልኝ። ጠረጴዛው ላይ የማሽኔን ቦርሳ አየሁት፤ ባለቤቴ አምጥታ ትታው ሄዳለች።

"ድምፁ ያንተ መሆኑን አውቀናል። ስብሰባው በማን ቤት ነበር?"

የቤቱ ባለቤት ሚስቱንና ልጆቹን በቅርቡ ያስመጣ ሰው ነው። ስሙ ከወጣ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ተሰርዞ ከነልጆቹ ወደ አገር ቤት ይጫናል። አገር ቤት ወንድሙ ታስሯል፤ እሱም ከአውሮፕላን እንደወረደ የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን።

አላስታውስም ማለት እችል ነበር። ግን ማስታወስ ያቃተው ሽማግሌ መባል አልፈልግም። "አውቃለሁ። አልናገርም" አልኩት።

ቦርሳውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። "ስሙን ንገረኝ፤ ዛሬውኑ የብቻህን ክፍል ከነማሽንህ ታገኛለህ። ሄደህ አስብበት።"

ተመልሼ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ሾፌሩ ጭንቅላቱን ያዘ። "ጋሼ፣ የሰውየውን ስም ባውቀው እኔ እነግርልዎ ነበር።"

"ለዚህ እኮ ነው ያልነገርኩህ።"

ጴንጤው ተነሣ። "ጋሼ፣ በጀርባዎ ነው የሚተኙት። ሐኪሞቻችን እንዲህ ላለው ሰው በጎንህ ተኛ ሲሉ እሰማለሁ። ሲተኛ እንዳይገለበጥ ከልብሱ ጀርባ ኳስ ያሰፉለታል።"

"ኳስ ከየት ይመጣል?" አለ ሾፌሩ። ወዲያው ደግሞ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ አነሳ፤ የሚሰግድበትን ሽርጥ ፈትቶ ጠርሙሱን ከጀርባዬ ጋር ጥፍር አድርጎ አሰረው። ራቅ ብሎ አየኝ።

"ወላሂ ግመል! እዚህ አል ዐይን ገበያ ቢያወጡዎት ጥሩ ያወጣሉ።"

"ጥርሱን አይተው ይመልሱታል" አለ ጴንጤው። እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሲወጣ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንደ ግመል በሻኛ ተኛሁ። ወደ ጀርባዬ ስዞር ጠርሙሱ ጓ ይላል፤ እነቃለሁ። እነሱም ተራ ገብተው ይጠብቁኛል። ትንፋሼ ሲቆም ከቢጫው ፕላስተር ወዲያ ሆነው በጫማ ጫፍ እግሬን ይነኩኛል። ሾፌሩ በሰላት ሰዓት ጥበቃውን ለጴንጤው ያስረክባል፤ ጴንጤው ሲጸልይ ለሾፌሩ። ግፊቴ ጥቂት ወረደ። ወደ ደህናው ግን አልተመለሰም፤ ነርሷ ባየችኝ ቁጥር ፊቷ ይነግረኛል። ቢሆንም የቀረውን በራሴ ጉልበት እችለዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ስወስን አላመነታም።

እንደገና ተጠራሁ። መርማሪው ዚፑን ከፍቶ ማሽኑን አውጥቶ ከፊቴ አስቀመጠው። ቱቦው፣ ጭምብሉ፣ ሁሉም አለ። እውነቱን ልናገር፣ የምግብ ሽታ ለተራበ ሰው እንደሚያደርገው አደረገኝ።

"በማን ቤት?"

"አልናገርም።"

"በእንቅልፍህ ትሞታለህ፣ ያ ሸይባ።"

"ሊሆን ይችላል" አልኩት።

ማሽኑን ወደ እኔ ሳብኩ። አየሩን የሚያረጥበው የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ውኃ ቀርቷል፤ ሲያድር ይሸታል። ወደ ጨረስኩት የሻይ ብርጭቆ ገለበጥኩት። ከጠረጴዛው ላይ ሶፍት አንሥቼ ውስጡን አደረቅኩ፤ ጭምብሉን ጠረግኩ፤ ቱቦውን እንዳይታጠፍ ጠቅልዬ ሁሉንም ወደ ቦርሳው መለስኩና ዚፑን ዘጋሁ።

"ለባለቤቴ መልሱላት" አልኩት። "ፊልተሩን እንድትቀይረው ንገሯት።"

ከሳምንታት በኋላ ምክንያቱን ሳይነግሩን ከሾፌሩ ጋር ለቀቁን። ጴንጤው ቀድሞን ወጥቷል።

ዛሬ ከማሽኔ ጋር ነው የምተኛው። ግፊቴ ተገርቷል፤ ድሮ በአንድ ክኒን፣ አሁን በሁለት። በግራ ዓይኔ ጥግ የማይለቅ ጥላ አለ። ሐኪሟ ግፊት የጎዳው ነው ትላለች፤ መቼ እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ያ የቤቱ ባለቤት እዚያው አቡ ዳቢ ነው። በየበዓሉ ይደውልልኛል፤ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ሰላም ይሉኛል። ስለ ራሴ ብዙ የማወራ ሰው መሆኔን ስለሚያውቅ፣ ስለዚያ እስር ለምን እንደማላወራ ይገርመዋል። ቢያውቅ ልጆቹን ባየ ቁጥር የእኔ ዓይን ትዝ ይለዋል፤ ያንን አልፈልግም።

"ለመሆኑ ጋሼ፣ እነዚያ ሰዎች ምን ነበር የሚጠይቁዎት?" ይለኛል።

"ጤናዬን" እለዋለሁ።