የበረዶ ጎማ ለመርዶ መንገድ

ረቡዕ ጠዋት ከቴምቢሳ ስንነሳ ሦስት ነበርን። ከተራራው ማዶ፣ ሌዲስሚዝ አጠገብ ሱቅ ላለው ለኤልያስ ታላቅ ወንድሙ ማርቆስ ማረፉን ልንነግረው ነው የምንሄደው። አስከሬኑ ሐሙስ ማታ ወደ አገር ቤት ይበራል። ከዚያ በፊት ኤልያስን አምጥተን ወንድሙን ማሰናበት አለብን።

ማርቆስ ቴምቢሳ ውስጥ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ልቡ ከድቶት ነው የሄደው። የአስከሬኑ ወረቀት እስኪያልቅ ሳምንት አለፈ። ሳምንቱን ሙሉ ከመሃል ከተማው ጀፕ እስከ ዳር ያለው ኦሬንጅ ፋርም የሚኖረው የአገራችን ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቃል፤ ኤልያስ ብቻ አያውቅም። ፌስቡክ ላይ የሟችን ፎቶ የለጠፈ ሁሉ ተደውሎለት አጠፋ። ኤልያስ የወንድሙ ስልክ እንቢ ሲለው «ተሰርቋል» ተባለ። በዚህ ከተማ ስልክ ተሰረቀ ሲባል የማያምን የለም።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ወድቆ የሚደግፈው ክንድ በሌለበት እንዲህ ያለውን ነገር መስማት የለበትም ይባላል። እኔም በዚህ አምናለሁ። የአባቴን ሞት የሰማሁት ኬፕታውን ተማሪ ሳለሁ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ በስልክ ነው። የያዝኩትን ወተት የት እንዳስቀመጥኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሁለቱን ባልንጀሮቼን ላስተዋውቅ። ጋሽ ላምቦሬ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውም ቴምቢሳ ውስጥ ሱቅ አላቸው። ዘነበች ጀፕ ላይ መጋረጃ በጅምላ ትሸጣለች፤ የሟች የአገር ልጅ ናት፣ ለሁለቱም ወንድማማቾች እንደ እህት ነበረች። እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ። በአርባ ዓመቴ ባለ ሁለት በር፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ያለች የስፖርት መኪና ገዝቼ የማኅበረሰቡ ሁሉ መሳቂያ ሆኛለሁ። ዘነበች «ይቺ መኪና ናት ነጠላ ጫማ?» ትለኛለች። ከሁሉም የወደዳት ማርቆስ ብቻ ነበር። እሁድ ከጸሎት በኋላ ዙሪያዋን ይዞራትና «ዶክተር፣ እስኪ አስጮሂያት» ይለኝ ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ ሚኒባስ ለለቀስተኛ ተፈለገ። የጋሽ ላምቦሬ ባኪ፣ ያቺ የዕቃ ማመላለሻ ፒክአፕ፣ ሞተሯ ወርዶ ጋራዥ ተኝታለች። ስለዚህ ነገሩ ወደ እኔ ዞረ። ትንበያው ደግሞ ወደ ሌዲስሚዝ በሚወስደው የተራራ መተላለፊያ ላይ በረዶ ይጥላል ይላል።

ኬምፕተን ፓርክ

የመኪናዬ ጎማ ሰፊና ለሞቃት ወቅት የተሠራ ነው። ሲቀዘቅዝ እንደ እንጨት ይደርቃል። ማክሰኞ ማታ ተቀምጬ ስለ በረዶ ጎማ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ሐኪም ነኝና ሳላነብ ምንም አልነካም። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ በመካከሉ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበትን ፈልጉ ይላል። ጠዋት ስንነሳ ይህንኑ ምልክት ፍለጋ መጀመሪያ ኬምፕተን ፓርክ አንድ ጎማ ቤት ገባን።

ሻጭዋ ሳቀች። «የበረዶ ጎማ? እዚህ ክረምቱ ደረቅ እኮ ነው እመቤቴ፤ ዝናብ እንኳ የለም።»

ጓዳ ገብታ ስትፈልግ ግን በእኔ ልክ ሁለት አገኘች። አንድ ሰው አስመጥቶ ሳይወስዳቸው የቀሩ ናቸው። «መኪናሽን የሚገፋት የኋላ እግሯ ነው፤ ሁለቱን ከኋላ እንሰርልሽ» አለች።

«በቃ፣ ሁለት ይበቃናል፤ እንሂድ!» አለች ዘነበች።

«አይበቃም» አልኳት። «የኋላው ይገፋል፤ የፊቱ ግን አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይይዝም። ገደል ነው የምንገባው። አራቱም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው።»

ጋሽ ላምቦሬ ጥፍራቸውን ጎማው ላይ ጫን አድርገው እንደ ነጋዴ መረመሩት። «ይሄ እንደ ሊጥ ነው። ደርሰን ሳንመለስ ያልቃል።»

«ጋሼ፣ ልስላሴው ነው ሥራው። በብርድ የማይደርቀው ለዚያ ነው። ጥርሱ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ስንጥቆች ይዩአቸው፤ በረዶውን የሚነክሰው በእነሱ ነው።»

«እንግዲህ ስለ ጥርስ ከአንቺ ጋር አልከራከርም» አሉና ጎማውን መለሱት።

ሚድራንድ

ሻጭዋ ሚድራንድ ውስጥ፣ ሌሶቶ ተራራ ላይ በበረዶ ሊንሸራተቱ የሚሄዱ ሰዎች የሚገዙበትን ሱቅ ጠቆመችን። እዚያ ምርጫው ሁለት ሆነ። አንደኛው በመኪናዬ ልክ ሰፊ፣ ለፍጥነት የተሠራ፣ ለሁሉም ወቅት ይሆናል የሚባል ነው። ሁለተኛው ከነቸርኬው አነስ ያለ፣ ጠበብ ያለ፣ እውነተኛ የበረዶ ጎማ ነው። ሰፊ ጎማ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጠባቡ ቆርጦ ታች ይደርሳል። ጠባቡን መረጥኩ። ትንሹ ቸርኬ የፍሬኑን ሸክላ እንዳይነካ አንዱን አስረው አዞሩት፤ አለፈ። ዋጋው የአንድ ወር የቤት ኪራዬን ያህል ነበር፤ ካርዴን ሰጠሁና ፊቴን አዞርኩ።

አራቱ ታስረው ባላንስ ሲደረጉ መኪናዬ ትልቅ ካፖርት ለብሶ የልጅ ጫማ ያደረገ ሰው መሰለች። ጋሽ ላምቦሬ ግን «አሁን ገና መኪና መሰለች» አሉ።

እዚያው ሳለን የዘነበች ስልክ ጮኸ። ኤልያስ ነው። ድምፁ እኔ እስከቆምኩበት ይሰማል። «ዘንዬ፣ የማርቆስን አዲሱን ቁጥር ላኪልኝ እንጂ! ጠፋችሁ እኮ።»

«ሲም ካርዱን ሊያወጣ ሄዷል የኔ ወንድም፤ እልክልሃለሁ» አለችው እየሳቀች። ስልኩን ስትዘጋ ከጎማው ክምር ጀርባ ሄዳ አፏን በሻርፗ ይዛ አለቀሰች። ያን ሳቅ ከየት እንዳመጣችው እግዚአብሔር ይወቅ።

በትልቁ መንገድ

ስንወጣ ቀትር አልፏል። ወደ ደርባን የሚወስደው ትልቁ መንገድ ግራና ቀኙ ቢጫ ሣር ነው፤ እዚህም እዚያም እሳት እንዳይዛመት ሆን ተብሎ የተቃጠለ ጥቁር መሬት ይታያል። ጋሽ ላምቦሬ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ እስኪደርስ ተጣጥፈው ፊት ተቀመጡ። ዘነበች ከኋላ በጎኗ ተጋደመች። ነዳጅ ማደያ ቆመን ፓፕ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ በዶሮ በላን። በላን እንኳ አይባልም፤ ዘነበች የእሷን ጠቅልላ «ለኤልያስ» አለችና ከኪስ ቦርሳዋ ጋር አስቀመጠችው።

ከተራራው ወዲህ ያለችው ሀሪስሚዝ ስንደርስ የተራራው አናት ነጥቷል። መተላለፊያው ላይ መስታወቱን አልፎ አልፎ ቅንጣት ይመታዋል፤ መንገዱ ግን ገና ጥቁር ነበር። ቁልቁለቱን እንደወረድን የልቤን ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ አሁኑኑ እንንገረውና ዛሬውኑ ይዘነው እንመለስ። ሌሊት ይጥላል ተብሏል።»

«መርዶ በማታ አይነገርም ልጄ» አሉኝ በቀስታ። «ሬሳ አሳቅፈሽ ጨለማ ውስጥ እንደማሳደር ነው። ሲነጋ ይነገራል። ፀሐይ ታግዘዋለች፣ ጎረቤት ይደርስለታል። በረዶ ቢጥልም እንድናልፍ ብለሽ አይደል ይህን ሁሉ ጎማ የገዛሽው?»

በመስታወቱ ወደ ዘነበች አየሁ። «ጋሼ እውነታቸውን ነው። ዛሬን ይተኛ» አለች።

የሱፐርማርኬቱ ወተት ትዝ አለኝና ሐሳቤን ተውኩ። ሌዲስሚዝ ካለ ሌላ የአገራችን ልጅ ቤት አደርን።

ሐሙስ ማለዳ

ኤልያስ የሱቁን ብረት በር ወደ ላይ እየገፋ ነበር። ዞሮ ሦስታችንን አየ። ጋሽ ላምቦሬን በዚያ ሰዓት፣ ያን ያህል መንገድ መጥተው ሲያይ ሌላ የሚነግረው አላስፈለገውም።

«ማነው?» አለ። ከዚያ ማንም ሳይመልስለት «ማርቆስ ነው» አለ።

ጋሽ ላምቦሬ አቀፉት። እኔና ዘነበች ከግራና ከቀኝ ደገፍነው። ዳቦ ልትገዛ ብርድ ልብስ ተከናንባ የመጣች አንዲት አሮጊት ሁኔታችንን አይታ ገባት። «ዎ፣ ምንታናሚ» አለች፣ ልጄ ማለቷ ነው። ራሱን ደረቷ ላይ አስጠግታ በዙሉ ቋንቋ የማላውቀውን ጸሎት ጸለየችለት። ጋሽ ላምቦሬ እንዳሉት ፀሐይ ወጣች፤ ጎረቤቱም ሁሉ ደረሰ። ኤልያስ ብቻውን አልነበረም። በዚያች ሰዓት ልክ እንደሠራን ሙሉ በሙሉ አምኜ ነበር።

መተላለፊያው ላይ

ኤልያስን ከዘነበች ጋር ከኋላ አጣበን ዳገቱን ስንጀምር መሬቱ ነጭ ነው። ውድ ውድ መኪኖች ዳር ላይ ተሰድረው ጎማቸው በባዶ ይሽከረከራል። የእኔ ጠባብ ጎማ በረዶውን እየቆረጠ ወጣ። መሪውን ሳዞር ትታዘዛለች፣ ፍሬን ስነካ ትይዛለች። አልዋሽም፣ ለአፍታ ኩራት ተሰማኝ።

ከዚያ ትራፊክ ፖሊሶች መንገዱን ዘግተው አገኘናቸው። ከላይ ተሳቢዎች ተንሸራተው መንገዱን በአግድሞሽ ዘግተውታል። ወርጄ ለመንኩ፤ ጎማዬን አሳየሁ፤ ቀብር ነው አልኩ። ፖሊሱ ከልቡ አዘነልኝ። «ጎማሽ ጥሩ ነው እህቴ፤ ግን የቆመ ተሳቢ ላይ አይወጣም» አለኝ። በኒውካስል በኩል ዞሮ የሚሄደውም መንገድ ተዘግቷል።

ስመለስ መኪናው ውስጥ ኤልያስ ይጠይቃል። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«መቼ ነው ያረፈው?»

«ባለፈው ሳምንት» አሉ ጋሽ ላምቦሬ።

«እናንተ መቼ መጣችሁ?»

«ትናንት ማታ።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። «ትናንት ማታ መንገዱ ክፍት ነበር።»

«ሌሊቱን ብቻህን እንዳታድር ብለን ነው ልጄ።»

«ባለፈው ሳምንት ብትደውሉልኝ በታክሲ እመጣ ነበር ጋሼ። ብቻዬን አልቅሼ፣ ብቻዬን አድሬ፣ ግን ደርሼ ነበር።»

ጋሽ ላምቦሬ ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሽማግሌው ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከልቤ አፈርኩ። አንድ ጠዋት ሙሉ ጎማ ስናማርጥ፣ ስንነካ፣ ስንከራከር ውለን፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ ሲጠብቀን አድረንበታል።

አሰናባቾቹ ከቴምቢሳ ደወሉ። አውሮፕላኑ አይጠብቅም፤ ሳጥኑ ለጭነት ከሰዓታት በፊት መግባት ስላለበት አሁን ሊወጣ ነው። ዘነበች ቪዲዮውን ከፍታ ስልኩን ዘረጋችለት።

«መርዶ በስልክ አይነገርም ብላችሁ ወንድሜን በስልክ ልታሰናብቱኝ?» አላት።

እጇን አላጠፈችም። ቆይቶ ተቀበላት። በዚያች ትንሽ መስታወት ላይ አበባ የተደረበበት ሳጥን፣ የሰው ትከሻ፣ የሚወዛወዝ ጣሪያ ይታያል። ኤልያስ ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ በከምባትኛ ረጅም ነገር ተናገረ። እኔ ቋንቋውን አልሰማም፤ ዘነበችም አልተረጎመችልኝም። ምስሉ ሲቋረጥም መናገሩን አላቆመም።

ቴምቢሳ

መንገዱ የተከፈተው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። በመንገዱ ሁሉ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ የምናገረውን በልቤ ሳዘጋጅ መጣሁ። ከእንግዲህ ይደወል፣ ሰው የራሱን ኀዘን ራሱ ይምረጥ፣ እኛ አንምረጥለት ልል ነበር። ቃላቱ ሁሉ ተሰድረውልኛል።

ቴምቢሳ ስንገባ ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ሳጥኑ የነበረበት ጠረጴዛ ባዶውን ቆሟል። ለቀስተኛው ኤልያስን እያየ ተነሳ፤ ዋይታው እንደ አዲስ ተጀመረ። ረገብ ሲል ከአዛውንቶቹ መካከል ተቀመጠ። ንግግሬን ልጀምር ጉሮሮዬን ስጠርግ የኤልያስ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩን አየ።

«እማ ናት።»

የእሱና የማርቆስ እናት አገር ቤት፣ ዱራሜ አካባቢ ናቸው። አስከሬኑ ነገ እስኪደርስ ተብሎ ለእሳቸውም አልተነገራቸውም። ለቅሶው በስልክ እንዳይሰማ ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ጋሽ ላምቦሬ እኔ ላናግራት ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ኤልያስ ራሱን ነቀነቀ። ፊቱን በመዳፉ ጠራርጎ፣ ቀና ብሎ አነሳው። በከምባትኛ ነው የሚያወራው፤ ዘነበች ጆሮዬ ስር ተርጉማልኛለች።

«ደህና ነኝ እማ። … ብርድ ነው እንጂ ደህና ነን። … እሱም ደህና ነው። ሥራ በዝቶበት ነው። … እሺ፣ እነግረዋለሁ።»

ስልኩን ዘግቶ ጉልበቱ ላይ ተደፋ፤ ሴቶቹ ከበቡት። ያዘጋጀሁትን ንግግር ዋጥኩት።

ኬንሲንግተን ያለው ቤቴ ገብቼ ይህን ስጽፍ ከጉዞው የተማርኩትን ልል እሞክርና እጄ ይቆማል። ልማዱ ኤልያስን ከወንድሙ ፊት አስቀርቶታል፤ ይህን ማንም አያስተባብለኝም። ያንኑ ልማድ ደግሞ ቁስሉ ሳይደርቅ ራሱ መረጠው። የዱራሜ ጎረቤቶች ነገ ማለዳ ተሰብስበው የእናታቸውን በር ያንኳኳሉ። እስከዚያ ድረስ እሳቸው ሁለት ልጆች አሏቸው።