ወንዝ ዳር የተደረገ ተየሙም

ወንድሜ ሻይ ሲያነሳ ብርጭቆው ከሰሃኑ ጋር መንጫጫት የጀመረው ባለፈው በጋ ነው። እሱ ይስቃል። «ወርቅ የነካ እጅ እንዲህ ነው፣ ይደንሳል» ይላል። ሚስቱም አብራው ትስቃለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ሳቁም አልመጣልኝም።

መንደራችን ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። እኔ አሶሳ ከተማ አስተምራለሁ፤ ዐርብ ዐርብ ወደ አባቴ ቤት እመለሳለሁ። አባቴ በመንደሩ መስጊድ የሚያሰግድ ሰው ነው። ወንድሜ ደግሞ ከመንደሩ ከፍ ብሎ፣ ወንዙ ከሚወርድበት ላይ፣ ወርቅ ያጥባል። ወርቅ ማጠብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ አያቶቻችንም በእንጨት ገበታ ሲያጥቡ ኖረዋል። አዲሱ ነገር ዚባቅ የሚሉት ነው፤ በአማርኛው ባዜቃ። እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ፈሳሽ ሆኖ የወርቁን ብናኝ ይሰበስባል። የተረፈው ከእጣቢው ጋር ወንዝ ይገባል። ወርቅ የያዘውን ወንድሜ ቤቱ ወስዶ፣ ሚስቱ ባሚያ በምትሠራበት ምድጃ ላይ በብረት ድስት ያቃጥለዋል። ባዜቃው ጭስ ሆኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል።

ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት አንድ ጽንስ ወርዶባታል።

ተናገርኩ። የእጁ መንቀጥቀጥ ከዚሁ ጭስ እንደሆነ፣ እሷንም በሆዷ ያለውንም እንደሚጎዳ፣ ወንዙ የገባውም በዓሣው ሥጋ ተመልሶ እኛው ዘንድ እንደሚመጣ ነገርኩት። ቁጣዬ የታወቀ ስለሆነ ማንም አልደነገጠም። «አንቺ ደግሞ ክፍል ገብተሽ የምታስተምሪ መሰለሽ» አለኝ ወንድሜ። መንደሩም ከእሱ ጋር ነበር፤ ወርቁ ለብዙ ቤት ቆርቆሮ ገዝቷል፣ ለመስጊዱም ጭምር። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ፤ እኛ ጋ ተረት ብቻ አልነበረም።

ስለዚህ ወደ አባቴ ሄድኩ። እንደ ልጅ ሳይሆን ፈትዋ፣ የሃይማኖት ብይን፣ እንደሚፈልግ ሰው ሆኜ ጠየቅኩት።

«አባ፣ በዚህ ወንዝ ውሃ ለሶላት ታጥቦ ውዱእ ማድረግ ይቻላል?»

አብሮኝ ወደ ወንዙ ወረደ። በእፍኙ ጨልፎ አየው፣ አሸተተው፣ ቀመሰው።

«ውሃ የሚበላሸው ነጃሳ፣ ርኩስ ነገር፣ ገብቶበት ቀለሙ፣ ሽታው ወይም ጣዕሙ ሲለወጥ ነው» አለ። «የዚህ አንዱም አልተለወጠም። ጠሃራ ነው፣ ንጹህ።»

«ዚባቅ እኮ አይታይም፣ አይሸትም፣ አይቀመስም።»

«ሰምቻለሁ» አለ። እጁን አራግፎ ወደ ላይ ወጣ።

ደሜ ፈላ። ምድሪቱ አማና ናት፣ ፈጣሪ አደራ የሰጠን ናት እያለ የሚያስተምር ሰው ለገዛ ልጁ ሲሆን አደላ አልኩ። በወጉ እንኳ ሳልሰናበተው ወደ ከተማ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ዐርብ ስመጣ የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው፣ ሶላት ደርሶ ነበር። ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው ለውዱእ ወንዙ ዳር ወርደዋል፤ ወንድሜም እጅጌውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገብቷል። እኔ ከፍ ብሎ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ቆሜ አያለሁ። አባቴ ጫማውን አወለቀ፤ ወደ ውሃው ግን አልገባም። አጎንብሶ ሁለት መዳፎቹን ደረቁ አፈር ላይ መታና ፊቱን አበሰ፣ እጆቹን አበሰ። ተየሙም ነው፤ በውሃ ፈንታ በአፈር መንጻት። ተየሙም የሚፈቀደው ውሃ ለታጣበት ወይም ውሃ ለሚጎዳው ሰው እንደሆነ እኛ ጋ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ወንዙ ደግሞ እግሩ ሥር ይፈስ ነበር።

አንድ ሽማግሌ «አሞሃል እንዴ?» ብለው ጠየቁት።

«እኔስ ደህና ነኝ» አለ አባቴ።

አንዱ ከውሃው ወጣ፣ ሌላው ተከተለው፤ ሁሉም በየተራ አፈሩን መቱ። ወንድሜ ብቻ ውሃው ውስጥ ቀረ። አቀርቅሮ እስከ መጨረሻው ታጠበ፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ ከቆምኩበት ይታየኝ ነበር። ያን ቀን ከኋላ ብቻውን ሰገደ።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። በአባቴ ላይ የነበረኝ ቅያሜ በአንዴ ለቀቀኝ፤ ነገሩም ያለቀ መሰለኝ። በዚያ ደስታ ወደ ወንድሜ ቤት ሄድኩ።

ሚስቱ እግሯ አብጦ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ወሯ ገብቷል። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«ደህና መጣሽ እህቴ» ብላ፣ ተይ ብላትም ተነሳችና ከጀሪካኑ በጣሳ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ። እኛ ጋ እንግዳ ውሃ ሳይቀርብለት ወሬ አይጀመርም። የመንደሩ የእጅ ፓምፕ ከተበላሸ ክረምት አልፎታል፤ ስለዚህ ውሃው ከየት እንደተቀዳ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጥርት ያለ ነበር።

ጣሳውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ፊቴን አየችና ገባት፤ አልተቀየመችኝም።

«አባታችን ለሶላት አፈር አገኙ፤ ደግ አደረጉ» አለች። «የምንጠጣውንስ ነገሯችሁ?»

ጣሳውን ከእጄ ተቀብላ ጠጣችው፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ልጁ እስኪንቀሳቀስ ጠበቀች። እኔም አብሬያት ጠበቅኩ።